«ማታ» ብዬ የሰማሁት

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው የአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወንበር ነው። ማክሰኞ ነበር። አዳማ ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ለእኛ ሥራ ግን ጥሩ ነው። የወንበር ልብስ የሚሰፋበት ላስቲክ ካልሞቀ ይደርቃል፤ ሲወጥሩት ይቀደዳል። ስለዚህ ከሱቃችን በር ፊት ለፊት ቆርቆሮ ላይ እናሰጣዋለን። ሲለሰልስ እሱ ስፖንጁን በጉልበቱ ተጭኖ ላስቲኩን በሁለት እጁ ይወጥራል፣ እኔ ከሥር በስቴፕለር አያይዛለሁ። አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው ሥራ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠርተናል።

ሾፌሩ ከሞጆ የመጣ ወፍራም ሰው ነበር። አጠገባችን ቆሞ ወገቡን ይዞ ያማርራል።

«ይኼ ወንበር ጨረሰኝ እኮ! ጅቡቲ ደርሼ ስወርድ እንደ ሽማግሌ ነው የምራመደው።»

«ወንበሩ ነው ወይስ ሆድህ?» አለው ባለቤቴ።

«ሆዴን ተወው፤ እሱን ራሴ ነኝ የሰፋሁት።»

እየሳቅሁ መዳፌን አሮጌው ስፖንጅ ላይ አሳለፍኩ። የሞተውን ቦታ መፈለግ የእኔ ድርሻ ነበር። ስፖንጅ በዓይን ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው። መዳፍ ሲጫነው ግን የሆነ ቦታ ላይ መልሶ አይገፋም። እዚያ ጋ ቆርጠን በአዲስ እንተካለን። «እዚህ ጋ ነው» አልኩት። ባለቤቴ በጠመኔ አከበበው።

ሾፌሩ ወንበሩን ተሸክሞ እንደሄደ ሁለት ሰዎች መጡ። የደንብ ልብስ አልለበሱም። የአንድ ደንበኛችንን ስም ጠሩ፤ ከወር በፊት የባጃጅ ወንበር የሠራንለት ሰው ነው። ያ ሰው በፖለቲካ ጉዳይ ይፈለግ ነበር። ስልኩ ውስጥ የባለቤቴም የእኔም ቁጥር ተገኝቷል።

«ወንበር አሠርቶ ነው እኮ» አለ ባለቤቴ።

«እሱን እዚያ ታስረዳለህ። ግማሽ ሰዓት ነው።»

«እሷስ?»

«እሷም ግማሽ ሰዓት ናት።»

የወሰዱን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የእህል መጋዘን ነው። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ይያዝ ስለነበር የተለመዱት ቦታዎች ሞልተዋል አሉ። መጋዘኑ መሐሉን በብሎኬት ተከፍሏል፤ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል። በሩ ላይ ሊለያዩን ሲሉ ባለቤቴ ለጠባቂው በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለው። ጠባቂው ፈገግ ብሎ፣ ቀምቶኝ የነበረውን ሻርፕ መለሰልኝ። ምን እንዳለው አልጠየቅሁትም። ሲመሽ ቤታችን እጠይቀዋለሁ ብዬ ነው።

እኔ የወሎ ሰዎች ልጅ ነኝ፣ አዳማ ተወልጄ ያደግሁ። እሱ የአርሲው ደራ ልጅ ነው። ሱቃችን ውስጥ ቋንቋውን ተከፋፍለነው ነበር። ኦሮምኛ ተናጋሪ ሲመጣ እሱ ያናግራል፣ አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ እኔ። እናቱ እንኳን እኔን ላለማስቸገር ብለው በተሰባበረ አማርኛ ነበር የሚያወሩኝ። ሰላምታ አውቃለሁ፤ ገበያ ላይ የሚያስፈልገኝን ያህልም አውቃለሁ። ከዚያ ሲያልፍ ዘወር ብዬ እሱን አያለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘወር ባልኩ ቁጥር እዚያው ነበር።

የሴቶቹ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ነበርን። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ቀን እንደ ምድጃ ይግላል። ነፋስ ሲነሳ አቧራው በወንፊት ሽቦው መስኮት ገብቶ ጥርሳችን ላይ ይንቋቋል። ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ አሮጌ የበቆሎ ፍሬ አለ፤ ነቀዝ የበላው። የነቀዝ መድኃኒት ሽታው ከግድግዳው አልወጣም ነበር። እስካሁን አንዳንድ የእህል መደብር ደጃፍ ሳልፍ መንገድ እቀይራለሁ።

ከመካከላችን አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሁላችንም «ሲስተር» ነበር የምንላት። ረቡዕ ዕለት አንዲት ሴት በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ ሲስተር በቆርቆሮ ኩባያ በሩን ደበደበችው።

«ምን ፈለግሽ?» አለ ጠባቂው።

«መኪና። ይቺ ሴት እዚህ ብትሞት የምትጠየቀው አንተ ነህ፤ ፊትህን ደግሞ አውቄዋለሁ።»

«ታስፈራሪኛለሽ?»

«አስታምማለሁ እንጂ አላስፈራራም።»

አንድ ሰዓት ሳይሞላ መኪና መጣ። ሁላችንም ያንን አየን። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም ለማን መንገር እንዳለብን አወቅን።

ሌላዋ ከቡልቡላ የመጡ አሮጊት ነበሩ። ልጃቸው ስለጠፋ በእሱ ፈንታ ነው የተያዙት። ሁላችንም «አዴ» ነበር የምንላቸው፤ በኦሮምኛ ለእናት ለትልቅ ሴት የሚባል ነው። አማርኛ ብዙ አይችሉም። ጠባቂዎቹ ዕድሜያቸውን አይተው የወንዶቹን ክፍል እንዲጠርጉና በጀሪካን ውሃ እንዲያደርሱ ያደርጓቸው ነበር። ከእኛ ውስጥ ያንን ግድግዳ ተሻግረው የሚመለሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት አዴ ከወንዶቹ በኩል ሲመለሱ በሩ ሥር ጠበቅኋቸው። ሻርፔን፣ የባለቤቴን ሸሚዝ ቀለም፣ ፂሙን፣ ሁሉንም ከአንድ ቀን በፊት በምልክት ነግሬያቸው ነበር። እንዳዩት ፊታቸው ላይ አየሁ።

«አዴ፣ አዩት? እንዴት ነው? መቼ ይለቁታል?» አልኩ ባንድ ትንፋሽ።

ጠባቂው ከኋላቸው ቆሟል። ስለ ወንዶቹ መነጋገር ክልክል ነው። አዴ ጀሪካኑን ለማስቀመጥ ጎንበስ እንዳሉ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

«ማታ» አሉኝ።

እጃቸውን ወደ ሻሻቸው ሰደድ አድርገው ነካ አደረጉት። ጠባቂው ወንድ ስለሆነ ሻሻቸውን ያስተካከሉ መሰለኝ።

ወደ ውስጥ ገብቼ «ማታ ይለቁታል» አልኩ። ሴቶቹ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ሲስተር «እሱን ከለቀቁት አንቺንም አይዙሽም እትዬ፤ ፋይላችሁ አንድ ነው» አለችኝ። ከድርሻዬ ውሃ ፊቴን ታጠብኩ። አንዷ ፀጉሬን ልሥራልሽ ብላ ከኋላዬ ተቀመጠች። «ሙሽራዋን ዝም በሏት፣ ዛሬ አታናግረንም!» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ዳቦዬን ግማሹን ሻርፔ ጫፍ ላይ ቋጠርኩለት።

አዴ ከጥግ ሆነው ያዩኝ ነበር። ዓይናቸው ከእኔ ላይ አልተነሳም። ደክሟቸው ነው አልኩ።

ከሰዓት በኋላ በጣሪያው ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል። ነጥቦቹን እያየሁ ቆየሁ። የመጨረሻዋ ነጥብ ከግድግዳው ላይ ጠፋች። በሩ አልተከፈተም። ነገ ማታ ማለታቸው ይሆናል አልኩ ለራሴ።

ዓርብ ጠዋት አዴ ተመልሰው ሲገቡ ወደ እኔ አልመጡም። ሁለቱንም ቋንቋ አጣርታ ወደምታውቅ አንዲት መምህርት ሄደው በፍጥነት ተናገሩ። የመምህርቷ ፊት ተለወጠ። ወደ እኔ ዞረች።

«አዴ ይጠይቁሻል። ለሲስተር ነገርሻት ወይ ነው የሚሉሽ።»

«ምኑን?»

«የባለቤትሽን። ጭንቅላቱን ተመትቷል፣ ትናንት ነግሬያታለሁ ነው የሚሉት። ዛሬ ሲጠሩት አይነቃም።»

«ማታ ነው እኮ ያሉኝ» አልኩ።

«አዎ» አለች መምህርቷ። ድምፅዋ ቀነሰ። «ማታ። በኦሮምኛ ራስ ማለት እኮ ነው።»

ቃሉን አላውቀውም ነበር ብል እዋሻለሁ። አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ፀሐይ ሲበዛበት ግንባሩን ይዞ «ማታ ና ዱኩባ» እያለ ነው ሱቅ የሚገባው፤ ራሴን አመመኝ ማለቱ ነው። እኔም ውሃ አቀርብለታለሁ። በአዴ አፍ የመጀመሪያዋ ፊደል አጠር፣ የመጨረሻዋ ረዘም ትላለች። ልዩነቱን አሁን ሳልፈልገው እሰማዋለሁ። ያን ቀን ግን ሦስት ጥያቄ ጠይቄ የሦስተኛውን መልስ እየጠበቅሁ ነበር። እሳቸው የመለሱልኝ የሁለተኛውን ነው። አዴ ከጥግ ሆነው ያዩ የነበሩት፣ ባሏ ራሱን ተመትቶ የወደቀ ሴት ፀጉሯን ስትሠራ ነው።

ሲስተር አልተቀመጠችም። በመምህርቷ በኩል አዴን ትጠይቃለች፤ አስመልሶታል ወይ? ከመቼ ጀምሮ ነው የሚተኛው? ሁለቱ ዓይኖቹ እኩል ናቸው ወይ? ትናንት ጠዋት ይናገር ነበር? አዴ ይመልሳሉ። ትናንት ይናገር ነበር። የእኔን ደኅንነት ጠይቋል። ሲስተር ኩባያውን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። ያንን ሁሉ ጊዜ ወደ እኔ አላየችም።

በወንፊት ሽቦው በኩል በብርድ ልብስ ይዘውት ሲወጡ አየሁ። ፊቱን አላየሁም። ያየሁት አንድ እግሩን ነው፤ ካልሲው ወደ ተረከዙ ወርዷል። መኪናው ሲሄድ አቧራው መስኮቱን ሞላው።

«ሲስተር» አልኩ። «ትናንት ቢሆን ኖሮ?»

«እትዬ» አለች። «እሱን አትጠይቂኝ።»

እንዴት እንደተመታ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዱ ወድቆ ነው አለ። ሌላው ሌላ ነገር አለ። የጠየቅሁት ሁሉ እሱ ራሱ ምን እንዳየና የት እንደነበረ ነው የነገረኝ፣ ባለቤቴ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልነገረንም። አዴ መብላት ተዉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። እኔ ዓርብ ቀኑን ሙሉ አላየኋቸውም፤ ማለቴ ላያቸው አልፈለግሁም። ሌላ አንድ ቃል ቢጨምሩ ምን ነበረበት አልኩ። በእሳቸው መናደድ በራሴ ከመናደድ ይቀለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠባቂው ውሃ አድርሱ ብሎ ጠራቸው። ሊነሱ ሲሉ ቀኝ እጃቸው አልነሣ አለ። በግራ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። እኔ ልውሰድላቸው ብዬ ጀሪካኑን ያዝኩ።

«አንቺ አይሆንም» አለ ጠባቂው።

«ታዲያ አሮጊቷ ይሁኑ?»

«ታዛዥ ናቸው። አንቺ ባልሽን ልታዪ ነው።»

«ባሌን ወስዳችሁታል። ማንን አያለሁ?»

ጀሪካኑን ከእጄ ወስዶ ለአዴ ሰጣቸው።

ሲመለሱ ጎናቸው ላይ ተጋደሙ። ትንፋሻቸው አጭር ነበር። ምን እንዳስነሣኝ አላውቅም፤ ሄጄ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። በኦሮምኛ ይቅርታ «ዲፋማ» እንደሚባል አውቃለሁ። ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ግን አላወቅሁም። ስለዚህ መዳፌን ትከሻቸው ላይ አኖርኩ። ደነገጡ፤ ግን አልሸሹም።

ቀስ ብዬ አሳለፍኩት፤ ከአንገታቸው ሥር ወደ ክንዳቸው፣ ከክንዳቸው ወደ ጀርባቸው። አጥንትና ቆዳ ነበሩ። ቢሆንም የሰው ሥጋም ሲጫኑት መልሶ ይገፋል፤ የሆነ ቦታ ላይ ደግሞ አይገፋም፤ እንደ ድንጋይ ይቆማል።

«አሲ?» አልኩ። እዚህ ጋ ማለት ነው። ከማውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ነው፤ ጫኝ ሠራተኞች ዕቃ ሲያወርዱ ይሉታል።

«ላኪ» አሉ። አይደለም።

ትንሽ ዝቅ አልኩ። «አሲ?»

«ላኪ።»

እንደገና ፈለግሁ። ከትከሻ አጥንታቸው ሥር አውራ ጣቴ አንድ የጠጠረ ነገር ላይ አረፈ።

«አሲ?»

«ኤዬ» አሉ አዴ፤ አዎ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ ነበር፣ ድምፅ ሳያወጡ። እጄን አላነሳሁም። እስኪላላ ድረስ እዚያው ቆየሁ። ስንጨርስ ከሻርፔ ጫፍ የቋጠርኩትን የደረቀ ዳቦ ፈትቼ በውሃ አርሼ ሰጠኋቸው። በሉ።

ሲስተር ከወዲያ ማዶ ታየኝ ነበር።

«ይኼን የት ነው የተማርሽው?»

«የጭነት መኪና ወንበር ላይ።»

አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። በእነዚያ ቀናት ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ተነሥታ መጣችና አውራ ጣቴን ይዛ ትንሽ አዞረችው። «አጥንቱ ላይ አትጫኚ። ከአጥንቱ ወዲህ፣ እንዲህ። ሲያማቸው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ያኔ ቀነስ አድርጊ።»

እሑድ ጠዋት ሴቶቹ ወረፋ ያዙ። «እኔንም!» «የእኔ ስፖንጁ ብቻ አይደለም፣ ሞተሩም ወርዷል!» ይሉኛል። እየተሳሳቅን የአራት ሰዎች ጀርባ ዳሰስኩ። ሲስተር አጠገቤ ተንበርክካ ታርመኝ ነበር።

ሰኞ ስሜ ተጠራ። አንድ ወረቀት ሰጡኝ። አነበብኩት፤ ለጥያቄ በራሴ ፈቃድ እንደቆየሁ ይላል። ፈረምኩ። ልወጣ ስል አዴ እጄን ይዘው ሳሙት፤ እኔም ጎንበስ ብዬ የእሳቸውን ሳምኩ። የባለቤቴ ወንድም በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰላም አላለኝም። ጫማውን ያያል።

ባለቤቴ እሑድ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ አርፏል። በእኛ በሙስሊሞች ሥርዓት አስከሬን አይቆይም፤ በዚያው ቀን ደራ ቀብረውታል። እኔ እንደምፈታ ማንም አላወቀም ነበር። ሰዓቱን ጠየቅሁ። ወንድሙ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ አለኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የማን ጀርባ ላይ እጄ እንደነበረ አውቃለሁ።

ባሏ ለሞተባት ሴት እንደሚገባ አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሱቁን መልሼ ከፈትኩ። ላስቲክ የሚወጥር ሠራተኛ ያዝኩ፤ ጎበዝ ነው፣ ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን ኦሮምኛ ተናጋሪ ደንበኛ ሲገባ ዘወር እላለሁ። ሠራተኛው «ምን ፈለግሽ?» ይለኛል። ምንም እለዋለሁ።

አንድ ቀን ሲስተር መጣች። እሷም ተፈትታ ወደ ሆስፒታል ሥራዋ ተመልሳ ነበር። ሱቁ ውስጥ ቆማ ያሰጣሁትን ላስቲክ፣ የተቆለለውን ስፖንጅ አየች።

«እትዬ፣ ይኼ እጅ እስከ መቼ ነው ለወንበር ብቻ?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«እኛ ጋ እጅ ያለው ሰው ጠፍቷል። ወረቀት ያላቸው ሞልተዋል።»

ለፊዚዮቴራፒ ሥልጠናው ስመዘገብ ከክፍሉ ትልቋ እኔ ነበርኩ። ልጆቹ «እማማ» እያሉ ደብተራቸውን ያውሱኝ ነበር። የጡንቻ ስም አልያዝ ይለኝ ነበር፤ ቦታውን ግን ማንም ሳያሳየኝ አገኘዋለሁ። ጎን ለጎን የኦሮምኛ ትምህርት ጀመርኩ፤ ከፊደሉ ጀምሮ፣ አጭርና ረጅም ድምፅ ከመለየት ጀምሮ። መምህሩ ለምን በዚህ ዕድሜሽ አለኝ። ለሥራ ነው አልኩት።

ሰፈራችን ውስጥ ያሾፉብኛል። ጉልበቱን ሊያሳየኝ ሆስፒታል የመጣ አንድ የባጃጅ ሾፌር አልጋው ላይ ወጥቶ ቀና ብሎ አየኝና «አንቺ የወንበር ሰፊዋ አይደለሽም እንዴ? በስቴፕለር እንዳትመቺኝ!» አለኝ። «ዝም ካልክ አልመታህም» አልኩት። እንዲህ ያለ ቀን ጥሩ ነው።

ጥሩ ያልሆነ ቀንም አለ። ራሱን የተጎዳ ሰው ሲመጣ ሲስተር ሳልጠይቃት ሌላ ክፍል ትልከኛለች። ባለፈው ዓመት ግን እሷ አልነበረችም፤ እኔው ያዝኩት። ከባጃጅ የወደቀ ሰው ነው፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ካልሲውን ታስተካክልለት ነበር። ሥራዬን ጨርሼ ከወጣሁ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውየው ይራመዳል አሁን።

አንድ ጊዜ ቡልቡላ ሄድኩ፣ በገበያ ቀን። አዴን ልፈልግ ብዬ ነው። በኦሮምኛ፣ ልጃቸው ጠፍቶባቸው የነበሩ፣ ታስረው የወጡ አዴ አሉ ወይ ብዬ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ጠየቅሁ። «አዴ ማን?» አለችኝ። ስማቸውን ጠይቄ እንደማላውቅ ያኔ ነው የገባኝ። ሴትዮዋ በእጇ ገበያውን አሳየችኝ። «እዚህ ያለው ሁሉ አዴ ነው፤ ልጅ የጠፋበትም ብዙ ነው» አለች። እስከ ስምንት ሰዓት ተራ በተራ የአሮጊቶችን ፊት እያየሁ ዞርኩ። ብዙዎቹ ቆመው ሰላም አሉኝ። ከዚያ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

አሁን የፊዚዮቴራፒ ክፍል ረዳት ነኝ። አጥንታቸው የተሰበረባቸውን፣ ስትሮክ የመታቸውን፣ ወገባቸው የተያዘባቸውን ሰዎች እጅና እግር አንቀሳቅሳለሁ። ባንድ ጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። መልሱን ከሰማሁ በኋላ እጄን ይዘው የሚያማቸው ቦታ ላይ እንዲያስቀምጡት እለምናቸዋለሁ። እስኪያስቀምጡት ድረስ አልጀምርም።